ከካርዱ እስከ ኮምፒውተሩ፦ የዲጂታል ፎቶ መንገድ እንዴት ተጠረገ

የዲጂታል ካሜራ ታሪክ ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የሚወራው ስለ ሌንስና ስለ ፒክስል ብዛት ነው። የምስሉ ጥራት በየዓመቱ ስንት ሜጋፒክስል እንደ ደረሰ ይቆጠራል፤ የትኛው ኩባንያ እንደ ቀደመ፣ የትኛው እንደ ተከተለ ይዘረዘራል። ይህ አተራረክ ግን አንድ ትልቅ ጉዳይ ይዘላል። ካሜራ ውስጥ የቀረ ፎቶ ሊታተም አይችልም፤ ለዘመድ አይላክም፤ ካሜራው የጠፋ ወይም የተበላሸ ዕለት አብሮ ይጠፋል። ፎቶ ለባለቤቱ የሚበጀው ከካሜራው ወጥቶ ሊያየው፣ ሊያባዛውና ሊያስቀምጠው ወደሚችልበት ቦታ ሲሻገር ነው። ስለዚህ ከሜሞሪ ካርድ ወደ ኮምፒውተር፣ አንዳንዴም ከኮምፒውተር ወደ ካርድ የሚወስደው መንገድ የራሱ ታሪክ ሊጻፍለት ይገባል። ይህን ታሪክ በቅደም ተከተል የተመለከተ ሰው መንገዱን ከመሣሪያ ፍጥነት ይበልጥ የጠረገው ስምምነት መሆኑን ያስተውላል። በገበያ የሚፎካከሩ ኩባንያዎች የፎቶው ፋይል ዓይነቱ ምን፣ ስሙ ማን፣ ቦታውም የት እንደሚሆን የጋራ ሕግ ባያወጡ ኖሮ፣ የቱንም ያህል ፈጣን ገመድ ቢሠራ ሰው ፎቶውን እንደ ልቡ ሊያዝዝበት ባልቻለ ነበር። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መነሻው 1975 ነው። በዚያ ዓመት መጨረሻ በኒውዮርክ ግዛት ሮቸስተር ከተማ፣ በኮዳክ ኩባንያ ውስጥ፣ ስቲቨን ሳሶን የተባለ ወጣት መሐንዲስ ያለ ፊልም የሚሠራ ካሜራ ገጣጥሞ ሞከረ። መሣሪያው 3.6 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝን ነበር። ምስሉ ጥቁርና ነጭ ሲሆን ወደ ጎን 100፣ ወደ ላይ 100፣ በድምሩ 10,000 ነጥቦች ብቻ ነበሩት። ካሜራው አንዱን ምስል መዝግቦ ለመጨረስ 23 ሰከንድ ይፈጅበት ነበር፤ የሚመዘግበውም ሰው ሙዚቃ በሚያዳምጥበት ዓይነት ካሴት ላይ ነው። ሳሶን በአንድ ካሴት 30 ምስል እንዲያዝ ወሰነ፤ ይህም ሰው በለመዳቸው የ24 እና የ36 ፎቶ ፊልሞች መካከል ያለ ቁጥር ነው። ካሴቱ ከካሜራው ይወጣና ለብቻው በተሠራ ሌላ መሣሪያ ውስጥ ይገባል፤ መሣሪያውም ምስሉን በቴሌቪዥን መስኮት ያሳያል። እንግዲህ የዛሬው ጉዳይ ከመጀመሪያው ሙከራ ጀምሮ ሙሉ ሆኖ ይታያል፦ የሚያነሣ ዕቃ፣ ከቦታ ቦታ የሚሸከም ዕቃ፣ የሚያሳይ ዕቃ። ጎዶሎው ሦስቱን የሚያግባባ የጋራ ቋንቋ ነበር። የሳሶንን ካሴት በዓለም ላይ ሊያነበው የሚችል መሣሪያ ሳሶን ራሱ ያዘጋጀው አንዱ ብቻ ነበር።

ካሴት የሚሽከረከር ክር ስላለው ዘገምተኛና ግዙፍ ነው፤ ስለዚህ ቀጣዩ ጥረት ያለ ምንም ተንቀሳቃሽ አካል በኤሌክትሮኒክስ ብቻ የሚይዝ ማኅደር መፈለግ ሆነ። በ1988 ፉጂ ኩባንያ ዲኤስ-1ፒ የተባለ ካሜራ ለዕይታ አቀረበ። ፎቶዎቹ የሚቀመጡት ተነቃይ በሆነ የሜሞሪ ካርድ ላይ ስለነበር የዛሬዎቹ ካሜራዎች ቀጥተኛ አያት ሊባል ይችላል። ሆኖም ካርዱ የሚሠራው ኤሌክትሪክ እስካላጣ ድረስ ብቻ ስለነበር በውስጡ ባትሪ ነበረው፤ ባትሪው ሲያልቅ ፎቶውም ያልቃል። በ1990 በአሜሪካ ለገበያ የቀረበው ዳይካም ሞዴል 1 ደግሞ ካርድ እንኳን አልነበረውም። 32 ጥቁርና ነጭ ምስሎችን በውስጡ ይዞ በገመድ ወደ ኮምፒውተር ያስተላልፍ ነበር፤ እሱም ባትሪው ከደከመ ያልተላለፈው ምስል ሁሉ ይጠፋበት ነበር። የእነዚህን ካሜራዎች ችግር የሚፈታው ግኝት በጃፓን አስቀድሞ ተወልዶ ነበር። የቶሺባ መሐንዲስ ፉጂዮ ማሱዎካ ፍላሽ ሜሞሪ የተባለውን ቴክኖሎጂ በ1984፣ ናንድ የተባለውንና ለካርድ የሚስማማውን ዓይነት ደግሞ በ1987 ለሙያ አጋሮቹ አቀረበ። በዚህ ሜሞሪ ውስጥ እያንዳንዷ ደቃቅ ክፍል የኤሌክትሪክ ሙሌቷን ዙሪያውን በማያስተላልፍ ነገር ከልላ ስለምትይዝ፣ ባትሪ ቢወጣም መረጃው ለዓመታት ይቆያል። ካሜራውን ከኮምፒውተሩ ነጻ ያወጣው ይህ ነው፤ ፎቶ አንሺው ዛሬ አንሥቶ ነገ ወይም ከወር በኋላ ማሻገር ይችላል።

ግኝቱ ከቤተ ሙከራ ወጥቶ ርካሽ እስኪሆን ግን ብዙ ዓመት ጠየቀ። በ1991 ኮዳክ የኒኮንን ኤፍ3 ካሜራ መሠረት አድርጎ ለጋዜጠኞች ያዘጋጀው ዲሲኤስ ፎቶዎቹን የሚያከማቸው በ200 ሜጋባይት ሐርድ ዲስክ ላይ ነበር። ዲስኩ ከባትሪዎቹና ከትንሽ መመልከቻ መስኮት ጋር በትከሻ በሚንጠለጠል ሣጥን ውስጥ ሆኖ በገመድ ከካሜራው ጋር ይገናኝ ነበር። ሳይጨመቁ 156 ምስሎችን ይይዛል፤ ዋጋውም ከ20,000 ዶላር አያንስም ነበር። ተራው ሰው የሚገዛቸው ካሜራዎች የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። በ1994 አፕል 749 ዶላር ያስከፈለው ኩዊክቴክ 100 በተሻለ ጥራት 8 ፎቶ ብቻ ይይዝ ነበር። ካርድ የለውም፤ የተነሣውን ፎቶ ማየት የሚቻለውም በገመድ ወደ ኮምፒውተር ከተላለፈ በኋላ ነው። በ1995 ካሲዮ ኪውቪ-10ን ከጀርባው መስኮት ጋር ሲያወጣ ሰው ፎቶውን እዚያው ማየት ቻለ፤ ፎቶው ግን አሁንም ካሜራው ሆድ ውስጥ ነበር።

በዚያ ዘመን ማሻገር ማለት ትዕግሥት ማለት ነበር። ካሜራዎቹ የሚገናኙት በኮምፒውተሩ ተከታታይ ወደብ ነው፤ የተለመደው ከፍተኛ ፍጥነቱም በሰከንድ 115,200 ቢት ነበር። ለእያንዳንዱ ባይት የመነሻና የማብቂያ ምልክት ስለሚጨመር፣ አንድ ሜጋባይት ለማስተላለፍ አንድ ደቂቃ ተኩል ገደማ ያስፈልጋል፤ 8 ሜጋባይት የሞላ ካርድ ባዶ ለማድረግ ደግሞ 12 ደቂቃ። የባሰው ግን ይህ መዘግየት አልነበረም። እያንዳንዱ ካሜራ የራሱ ገመድ፣ የራሱ ፕሮግራም፣ አንዳንዱም የራሱ የፋይል ዓይነት ነበረው። ካሜራውን የገዛ ሰው ፕሮግራሙ ያለበትን ዲስክ ከጣለ ወይም ኮምፒውተሩን ከቀየረ ፎቶዎቹ ካሜራው ውስጥ ታስረው ይቀሩ ነበር። ከዚህ ትርምስ ውስጥ አስቀድሞ የጠራው አንድ ነገር የምስሉ መጨመቂያ ዘዴ ነው። በ1992 የጸደቀው የጄፔግ ደንብ ፎቶን በብዙ እጥፍ አሳንሶ ማስቀመጥን አስቻለ፤ ደንቡ ለሁሉም ክፍት ስለነበርም ካሜራ ሠሪዎች አንድ በአንድ ወደ እሱ መጡ። የመጀመሪያው ስምምነት ይህ ነው፤ ስለ ፋይሉ ይዘት ተስማሙ፤ ስለ ማኅደሩ ግን ገና ነበሩ።

ስለ ማኅደሩ የተደረገው ፉክክር ብዙ ያስተምራል። በ1994 ሳንዲስክ ኮምፓክትፍላሽን አወጣ፤ በ1995 ቶሺባ ስማርትሚዲያን አስከተለ። ሁለቱም የያዙት ያንኑ ፍላሽ ሜሞሪ ቢሆንም በአሠራር ይለያያሉ። ኮምፓክትፍላሽ የራሱን ሜሞሪ የሚያስተዳድር ትንሽ ኮምፒውተር በውስጡ ስላለው ለሚያነጋግረው መሣሪያ እንደ ተራ ሐርድ ዲስክ ሆኖ ይታያል። በዘመኑ ላፕቶፖች ላይ ወደነበረው የካርድ ማስገቢያ በቀላል ማያያዣ ገብቶ ያለ ልዩ ገመድ ይነበብ ነበር። ስማርትሚዲያ ግን እንደ ወረቀት ስስና ርካሽ እንዲሆን ሲባል አስተዳዳሪው ከውስጡ ወጣ፤ ሥራው ሁሉ በካሜራውና በማንበቢያው ላይ ወደቀ። በመሆኑም ትልቅ መጠን ያለው አዲስ ካርድ በወጣ ቁጥር የቆየ ካሜራ ላያውቀው ይችላል፤ ሁለት ዓይነት ቮልቴጅ ስለነበረም የአንዱ ካርድ ለሌላው አይሆንም ነበር። ስማርትሚዲያ ከ128 ሜጋባይት ሳይሻገር ከገበያ ወጣ፤ ኮምፓክትፍላሽ ግን በጋዜጠኞችና በባለሙያዎች ካሜራ ላይ ለብዙ ዓመታት ገዛ። የጋራ ደንቡን በውስጡ ይዞ የሚዞር ካርድ ከማያውቀው መሣሪያ ጋርም ይግባባል፤ ደንቡን ሌሎች እንዲያስታውሱለት የተወ ካርድ ግን ዕድሜው አጭር ነው።

በ1997 ሶኒ ያደረገው ደግሞ ለዘመኑ ባለሙያዎች ኋላ ቀር ይመስል ነበር። ማቪካ ኤፍዲ5 እና ኤፍዲ7 የተባሉት ካሜራዎቹ ፎቶ የሚያስቀምጡት 1.44 ሜጋባይት በሚይዝ ተራ ፍሎፒ ዲስክ ላይ ነበር። ፍሎፒ ያኔም ቢሆን ዘገምተኛና ጠባብ ነበር፤ ካሜራውንም ግዙፍ አድርጎታል። ቢሆንም ማቪካ በአሜሪካ ገበያ በከፍተኛ ቁጥር ተሸጠ። ባለቤቱ ዲስኩን ከካሜራው አውጥቶ ቢሮም ይሁን ትምህርት ቤት ባገኘው ኮምፒውተር ውስጥ ይከታል፤ ፎቶዎቹም እንደ ማንኛውም ፋይል ይከፈታሉ። ገመድ የለ፣ የሚጫን ፕሮግራም የለ። እዚህ ላይ፣ ይህ የሚያስረዳው የዕቃውን ምቾት እንጂ ስምምነትን አይደለም ብሎ የሚከራከር ይኖራል። ምቾቱ ከየት መጣ ብለን ብንጠይቅ ግን መልሱ ወደዚያው ይመልሰናል። የፍሎፒው መጠን፣ በላዩ ላይ ፋይል የሚደረደርበት ፋት የተባለው ሥርዓትና የጄፔግ ፋይሉ በኮምፒውተሩ ዓለም አስቀድሞ የታወቁ ነበሩ። ሶኒ ያደረገው ካሜራውን ወደዚያ ወደተጠረገ ጎዳና ማውጣት ነው። በተለይ ለዚህ ተብሎ ከተሠራ ፈጣን መሣሪያ ይልቅ ሁሉም የሚያውቀው ዘገምተኛ ዕቃ መመረጡ የዚህ ታሪክ ትልቁ ማስረጃ ነው።

በነዚያው ዓመታት የታየ አንድ ክስተት ደግሞ የመሻገሪያውን ክብደት ከሌላ አቅጣጫ ያሳያል። በጥቅምት 1996 የታይም መጽሔት ፎቶ አንሺ ዲርክ ሃልስቴድ ፕሬዚዳንት ክሊንተን በአንድ የፓርቲያቸው የገንዘብ ማሰባሰቢያ ዝግጅት ላይ አንዲት ወጣት ሲያቅፉ አነሣ። በ1998 ክሊንተን ከዚያችው ወጣት፣ ከሞኒካ ሌዊንስኪ ጋር የነበራቸው ግንኙነት ሲገለጥ፣ ሃልስቴድ ያንን ፊት የት እንዳየው ያስብ ጀመር፤ ብዙ ሺህ ስላይዶች ተፈትሸው ፎቶው ተገኘ፤ በዓለም ዙሪያም ታተመ። ሃልስቴድ የነገረው ዋናው ቁም ነገር ይህ ነው፦ እሱ ያነሣው በፊልም ነበር፤ እዚያው ቆመው በዲጂታል ያነሡት ባልደረቦቹ ግን ያኔ ትርጉም ያልነበረውን ምስል አጥፍተውታል። ካርድ ውድና ጠባብ በነበረበት ዘመን የማይሻገር ፎቶ ወዲያው ለሚቀጥለው ቦታ ይለቅ ነበር። ፊልም ሳይፈለግም መሳቢያ ውስጥ ይከርማል፤ የካርድ ላይ ፎቶ ግን አንድ ሰው ላሻግረው ብሎ ካልወሰነ ዕድሜው ካርዱ እስኪሞላ ብቻ ነው። እንግዲህ ማሻገር ማለት የሚተርፈውን መምረጥ ነው፤ መሻገሪያው በከበደ መጠንም የሚተርፈው ያንሳል።

ወሳኙ እርምጃ የተወሰደው በ1998 መጨረሻ ነው። የጃፓን የኤሌክትሮኒክስ ኢንዱስትሪ ማኅበር የሆነው ጄይዳ፣ አባል ኩባንያዎቹን አስተባብሮ ዲሲኤፍ የተባለውን የካሜራ ፋይል አደራደር ደንብ አወጣ። ደንቡ ሲነበብ ተራ ነገር ይመስላል። በካርዱ ላይ ዲሲአይኤም የሚባል ፎልደር ይኑር፤ በውስጡ ያሉት ፎልደሮች ከ100 እስከ 999 ባለ ቁጥር ይጀምሩና አምስት ፊደል ይከተላቸው፤ እያንዳንዱ ፎቶ አራት ፊደልና ከ0001 እስከ 9999 የሚደርስ ቁጥር ይኑረው፤ ካርዱም በፋት ሥርዓት ይደራጅ፤ ፋይሉ ጄፔግ ሆኖ የተነሣበትን ቀንና ሰዓት፣ የካሜራውን ዓይነትና ትንሽ ቅጂ በኤክዚፍ አሠራር በሆዱ ይያዝ። ኤክዚፍ ራሱ ከ1995 ጀምሮ በዚሁ ማኅበር የተዘጋጀ ነበር። ከዚህ ደንብ በኋላ የካኖን ካሜራ ያነሣውን የሌላ ኩባንያ ማተሚያ ያውቀዋል፤ የኮምፒውተሩ ፕሮግራምም ካርዱ ሲገባ ዲሲአይኤም የሚለውን አይቶ ፎቶ እንዳለ ይረዳል። ሰው ፎቶ ቤት ሄዶ ካርዱን ሲሰጥ፣ ባለሙያው የካሜራውን ስም ሳይጠይቅ ፎቶዎቹን የሚያወጣው በዚህ ደንብ ምክንያት ነው። ደንቡን የጻፉት ሰዎች ስማቸው አልገነነም፤ በፎቶ ታሪክ ውስጥ ግን ከብዙ ሌንስ ሠሪዎች ያላነሰ ሥራ ሠርተዋል።

የደንቡ ጉልበት ይበልጥ የሚታየው ፎቶ ወደ ኋላ ሲመለስ፣ ማለትም ከኮምፒውተር ወደ ካርድ ሲገባ ነው። ብዙ ሰው በኮምፒውተር ያስተካከለውን ወይም ከሌላ ያገኘውን ፎቶ ካርዱ ላይ ገልብጦ በካሜራው መስኮት ለማየት ሲሞክር ካሜራው ምስል የለም ይለዋል፤ ወይም የማይታወቅ ፋይል ብሎ ምልክት ያሳየዋል። ፎቶው ካርዱ ላይ አለ፤ ኮምፒውተሩም ያየዋል። ካሜራው ግን የሚፈልገው ደንቡን የጠበቀ ፋይል ነው። ስሙ በሰርግ ወይም በሰው ስም ከተቀየረ፣ ከዲሲአይኤም ውጭ ከተቀመጠ፣ ወይም የማስተካከያው ፕሮግራም ትንሿን ቅጂና የኤክዚፍ መረጃውን ቆርጦ ከጣለ ካሜራው ያልፈዋል። ኮምፒውተር ብዙ ዓይነት ፋይል ለመክፈት የሚበቃ አቅም አለው፤ ካሜራ ግን የተወሰነውን ብቻ በፍጥነት እንዲያነብ የተሠራ ነው። ስለዚህ ወደ ካርድ የሚመለስ ፎቶ የደንቡን ስም ይዞ፣ በደንቡ ቦታ፣ በተለመደው ጄፔግ ሆኖ መመለስ አለበት። ይህን ያላወቀ ሰው ካርዱ ተበላሸ ብሎ ይጥላል፤ ካርዱ ግን ምንም አልሆነም።

እዚህ ላይ ጠንካራው ተቃውሞ ይነሣል። ሰውን ከመጉላላት ያወጣው ዩኤስቢ ነው፤ ፍጥነቱ በመጨመሩ እንጂ በፎልደር ስም አይደለም የሚሉ አሉ። ዩኤስቢ በ1996 ወጣ፤ የተሻሻለው 1.1 በ1998 ተከተለ፤ በዚያው ዓመት የወጣው የአፕል አይማክም አሮጌዎቹን ወደቦች ትቶ በዩኤስቢ ብቻ በመምጣቱ ሠሪዎችን ሁሉ ወደዚያ ገፋ። በሰከንድ 12 ሜጋቢት የሚያስተላልፈው ይህ ወደብ፣ 12 ደቂቃ የሚፈጀውን ሥራ ወደ ሰከንዶች አወረደው፤ በ2000 የወጣው ዩኤስቢ 2.0 ደግሞ እስከ 480 ሜጋቢት ደረሰ። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ጥቅሙም ታላቅ ነበር። ይሁንና የመጀመሪያዎቹ ባለ ዩኤስቢ ካሜራዎች ፈጣን ገመድ እያላቸው በዊንዶውስ 98 ላይ የየራሳቸውን ፕሮግራም ካልጫኑ አይታወቁም ነበር። መጉላላቱ የቀረው ሁለት ተጨማሪ ስምምነቶች ሲደርሱ ነው። አንደኛው ማንኛውም ካርድ ወይም ካሜራ እንደ ተራ ዲስክ ሆኖ እንዲታይ የሚያደርገው የዩኤስቢ የማከማቻ ደንብ ነው፤ ሁለተኛው በ2000 የወጣውና ካሜራው ካርዱን ራሱ እያስተዳደረ ኮምፒውተሩ ፎቶ እንዲጠይቀው የሚያደርገው ፒቲፒ ነው። ዊንዶውስ 2000 የማከማቻውን ደንብ፣ ዊንዶውስ ኤክስፒ ደግሞ ሁለቱንም ደንቦች በውስጣቸው ይዘው ሲመጡ ገመዱን ማስገባት ብቻ በቂ ሆነ። ፍጥነት መጠበቁን አሳጠረ፤ በሩን የከፈተው ግን ስምምነት ነው።

የካርዶቹም ፉክክር የተፈታው በዚሁ መንገድ ነው። በ1998 ሶኒ ሜሞሪ ስቲክን፣ በ2002 ፉጂና ኦሊምፐስ ኤክስዲ ካርድን አወጡ፤ ካርድ ሪደር የሚሸጡ ሱቆች በአንድ ዕቃ ላይ ብዙ ቀዳዳ ያለው ማንበቢያ መደርደር ግድ ሆነባቸው። በነሐሴ 1999 ሳንዲስክ፣ ማትሱሺታና ቶሺባ በኅብረት ኤስዲ ካርድን አስተዋወቁ፤ በ2000 መጀመሪያ ደግሞ ሌሎች ኩባንያዎች የሚገቡበት ማኅበር አቋቋሙ። ማኅበሩ እየሰፋ ሄደ፤ በ2010 ሶኒ ራሱ ኤስዲን መቀበል ጀመረ። ስምምነቱ ሲላላ ምን እንደሚሆንም ይኸው ካርድ አሳይቷል። የመጀመሪያው ኤስዲ ከ2 ጊጋባይት እንዳያልፍ ተወስኖ ስለነበር በ2006 እስከ 32 ጊጋባይት የሚደርሰው ኤስዲኤችሲ ሲመጣ ብዙ የቆዩ ማንበቢያዎች አላወቁትም። በ2009 ከዚያ በላይ ለሚይዙት ኤስዲኤክስሲ ካርዶች የማይክሮሶፍት ንብረት የሆነው ኤክስፋት ተመረጠ፤ ይህን ሥርዓት የማያውቅ ኮምፒውተር ካርዱ ሲገባበት ፎርማት ላድርገው ወይ ብሎ ይጠይቃል። ሳያስተውል እሺ ያለ ሰው ፎቶውን ያጣል። የካርዱ ቅርጽ አንድ ሆኖ፣ የውስጡ ቋንቋ በመለየቱ ብቻ የሚደርስ ጉዳት ነው። ማይክሮሶፍት የኤክስፋትን ዝርዝር በ2019 ይፋ እስኪያደርግ ድረስ የሊኑክስ ተጠቃሚዎች ሙሉ ድጋፍ ያጡትም በዚሁ ምክንያት ነበር።

መንገዱ ሲቀል ሌላ ኃላፊነት መጣ። ፊልም በነበረ ጊዜ ኔጋቲቩ ዋናው፣ የታተመው ወረቀት ቅጂው ነበር። በካርድ ዘመን ግን ቅጂውና ዋናው አንድ ናቸው፤ ካርዱ ከተደመሰሰ በኋላ በኮምፒውተሩ ላይ ያለው ፋይል ብቸኛው ዋና ይሆናል። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ባለሙያዎች የያዙት ሥርዓት ምክንያት አለው፦ ከካርዱ ቆርጦ መውሰድን ትቶ መገልበጥ፤ የተገለበጠውን ከፍቶ ማየት፤ በሁለተኛ ቦታ ማስቀመጥ፤ ካርዱን ከኮምፒውተሩ በሥርዓቱ አስወጥቶ መንቀል፤ በመጨረሻም ካርዱን በካሜራው ራሱ ፎርማት ማድረግ። ቆርጦ መውሰድ መሐል ላይ መብራት ቢጠፋ ወይም ገመዱ ቢላቀቅ ፎቶው ከሁለቱም ወገን ሊጎድል ይችላል። በስህተት የጠፋ ፎቶ ደግሞ ወዲያው ተስፋ የሚቆረጥበት አይደለም። በፋት ሥርዓት ሲጠፋ የሚሰረዘው በመዝገቡ ላይ ያለው ምልክት ነው፤ የምስሉ መረጃ ሌላ እስኪጻፍበት ካርዱ ላይ ይቆያል። በዚያ ካርድ ላይ ሌላ ፎቶ ሳይነሣ በማገገሚያ ፕሮግራም ከተሞከረ ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ይህም የሚሆነው የማገገሚያው ሠሪ የካርዱን አደራደር ስለሚያውቅ ነው፤ የታወቀ ደንብ በጥፋት ቀን እንኳን ይረዳል።

ይህ ነገር በአገራችንም ክብደት አለው፤ በተለይ በብራና መጻሕፍት ጥበቃ። ከ1973 ጀምሮ በኢትዮጵያ የተካሄደው የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ፣ በአሜሪካ ሚኒሶታ ኮሌጅቪል ከሚገኘው ቤተ መጻሕፍት ጋር በመተባበር በሺዎች የሚቆጠሩ መጻሕፍትን በፊልም አስቀርቷል፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም የዚያን ክምችት ዝርዝር በማዘጋጀት ዕድሜያቸውን ሰጥተዋል። ከ2009 እስከ 2015 በሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ሥር በዴኒስ ኖስኒትሲን የተመራው ኢትዮ-ስፔር የተባለው ፕሮጀክት ግን በትግራይ አብያተ ክርስቲያናትና ገዳማት የተገኙትን መጻሕፍት ያነሣው በዲጂታል ካሜራ ነው። ልዩነቱ ግልጽ ነው። ማይክሮፊልም በማጉያ መነጽር ሳይቀር ሊነበብ ይችላል፤ የዲጂታል ገጽ ግን ከካርድ ወደ ዲስክ፣ ከዲስክ ወደ ዲስክ በተሻገረ ቁጥር ደንቡ ካልተጠበቀ ይታወራል። በሌላ በኩል ዲጂታሉ ጥራቱ ሳይቀንስ በብዙ ቦታ ሊባዛ ይችላል። ዘመናት የተሻገረ ብራና በአንድ ቀን እሳት ወይም ዘረፋ ሊጠፋ በሚችልበት አገር፣ ፋይሉ ወደፊት ማንም ኮምፒውተር በሚከፍተው ዓይነት መቀመጡ የባህል ጥበቃ ጥያቄ ነው።

ይህን ስምምነት ያለ ልክ ማሞገስም ተገቢ አይደለም የሚሉ ተቺዎች አሉ። ደንቦቹን የጻፉት ጥቂት ታላላቅ ኩባንያዎች ናቸው፤ የኤስዲ ማኅበርም የአባልነትና የፈቃድ ክፍያ ይጠይቃል። ከዚህ በላይ፣ ባለሙያዎች የሚያነሡት ያልተቀናበረው ጥሬ ፋይል እስከ ዛሬ ድረስ በአብዛኛው በየኩባንያው የተለያየ ነው፤ አዶቤ በ2004 ዲኤንጂ የተባለውን የጋራ ዓይነት ቢያቀርብም ካኖንና ኒኮን በየራሳቸው መንገድ ቀጠሉ። ትችቱ ትክክል ነው። ነገር ግን የሚያፈርሰው የዚህን ጽሑፍ ሐሳብ አይደለም፤ የሚያጠናክረው ነው። ጄፔግ ላይ ስለተስማሙ የዛሬ 25 ዓመት የተነሣ ፎቶ ዛሬ በየትኛውም ስልክ ይከፈታል፤ ጥሬው ፋይል ላይ ስላልተስማሙ አዲስ ካሜራ የገዛ ሰው የኮምፒውተሩ ፕሮግራም እስኪሻሻል ፋይሉን መክፈት ተስኖት ይጠብቃል። ስምምነቱ በጎደለበት ቦታ ሁሉ ችግሩ ወዲያው ይታያል።

የመጨረሻው ክርክር ዘመኑ አልፏል የሚለው ነው። በ2010 ከ121 ሚሊዮን በላይ የነበረው የጃፓን ሠሪዎች የዲጂታል ካሜራ ጭነት በ2020 ከ9 ሚሊዮን በታች ወርዷል። ስልክ ያነሣል፤ ኢንተርኔት ያሻግራል፤ ካርድ መንቀል የሚያስፈልገው ለማን ነው ይባላል። በእርግጥ ያለ ገመድ ማሻገር ትልቅ ምቾት ነው። ግን ያለፉትን ዓመታት እንመልከት። በ2007 ለገበያ የወጣው አይ-ፋይ የተባለው ባለ ዋይፋይ ካርድ ፎቶን ራሱ ወደ ኮምፒውተር ይልክ ነበር፤ አሠራሩ በኩባንያው አገልግሎት ላይ ስለተመሠረተ በ2016 የቆዩ ካርዶቹ ድጋፍ ሲቋረጥ ገዢዎቹ የሚሠራ ዕቃ ይዘው ያለ አገልግሎት ቀሩ። ጉግል በ2015 ያለ ገደብ በነጻ እናስቀምጣለን ብሎ የጀመረውን የፎቶ አገልግሎት በሰኔ 2021 በገደብ ተካው። አፕል በ2017 ሄይክ የተባለውን አዲስ የምስል ዓይነት በስልኮቹ ላይ ሲጀምር ብዙ ኮምፒውተሮች ፎቶውን መክፈት ስላልቻሉ፣ ስልኩ ፎቶውን ሲያሻግር ወደ ጄፔግ እንዲቀይር አማራጭ መጨመር አስፈለገ። በነዚሁ ስልኮች ላይ ግን አሮጌው ደንብ አልሞተም። አይፎንም ሆነ አንድሮይድ በካሜራው ያነሣውን ፎቶ የሚያስቀምጠው በ1998 በተወሰነው ዲሲአይኤም ፎልደር ውስጥ ነው። ካሜራው እየቀነሰ ደንቡ ቀጠለ፤ ይህም የሚጠቅመው ነገር የትኛው እንደነበር ያሳያል።

ስለዚህ ይህ ታሪክ ለዛሬ የሚሰጠው ትምህርት ግልጽ ነው። ከካሴት ወደ ፍሎፒ፣ ከፍሎፒ ወደ ካርድ፣ ከካርድ ወደ ኢንተርኔት ማከማቻ በተደረገው ጉዞ ሁሉ ባለቤቱ ፎቶውን የያዘው የሚያሻግርበት መንገድ የሁሉም በሆነበት ጊዜ ነው፤ ያጣው ደግሞ መንገዱ የአንድ ሻጭ ግቢ ውስጥ በቀረበት ጊዜ። አዲስ ካሜራ፣ ስልክ ወይም የማከማቻ አገልግሎት የሚመርጥ ሰው ከፒክስሉ ብዛት አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት አንድ ጥያቄ አለ፦ ይህ ዕቃ ወይም ኩባንያ ነገ ባይኖር ፎቶዬን ራሴ አውጥቼ በሌላ መሣሪያ ልከፍተው እችላለሁን? መልሱ አዎን ከሆነ ዕቃው ይገዛ፤ ፎቶውም በሁለት ቦታ ይቀመጥ። መልሱ አይደለም ከሆነ ምንም ያህል ቢያምር፣ የቤተሰብን ታሪክ፣ የገዳምን መጽሐፍ፣ የአገርን ምስክርነት በእሱ ላይ ብቻ ማኖር አይገባም። ጥያቄውንም በመግዣው ሰዓት ማንሣት ይሻላል፤ ፎቶው ከገባ በኋላ የሚገኘው መልስ ብዙ ጊዜ ዘግይቶ የሚመጣ ነውና።